የተለማመደ አውራ ጣት

ከኪዮቶ

ይድረስ ለእህትዓለም፣

ናፍቆት ያዘለ ሰላምታዬ ከነቤተሰብሽ ይድረስሽ። ወገብሽን እንዴት አደረገሽ? የዘንድሮው የፒር ፍሬ በረዶ ሳይመታው ተለቀመ? አማችሽስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ያልሆነው አውራ ጣቴ ብቻ ነው፤ ተላልጦ በፕላስተር ጠቅልዬዋለሁ።

"ሁለተኛው መቼ ነው የሚወጣው?" እያልሽ በየደብዳቤሽ ትነዘንዢኛለሽ። መሥሪያ ቤታችን የሠራውን የመጀመሪያውን የቪዲዮ ጨዋታ፣ እርጉዝ ሆነሽ ሐኪም ከአልጋ እንዳትነሺ ባዘዘሽ ጊዜ የጨረስሽ ሰው ነሽና መብትሽ ነው። እንግዲህ ስሚኝ፤ ወጥቷል ማለት ይቻላል፤ እኔ ግን ተቃጥያለሁ።

ጀግናው ያው ነው፤ ሰይፉ ግን አጥሮ የወረቀት መቁረጫ አክሏል። ገና ሁለተኛው መንደር ሳይደርስ የገመድ ድልድይ አለ፤ ወፎች ከፊትም ከኋላም እየመጡ ወንዝ ውስጥ ይጥሉታል። ሦስቴ ከወደቀ ከመጀመሪያው መንደር ሀ ብሎ ይጀምራል። ድልድዩን የሠራው ኢሶቤ የሚባል ባልደረባዬ ነው። መጀመሪያ አንድ ወፍ ብቻ ነበረች። እሱ ራሱ ሲጫወተው ሲጫወተው ሰለቸውና ሁለተኛ ጨመረ፤ እሷንም ለመዳትና ሦስተኛ። ሌሎቹም በየራሳቸው ደረጃ ላይ እንዲሁ ናቸው። ማንም "ከብዷል" አይልም። እዚህ ቢሮ "ከበደኝ" ማለት "አልጣርኩም" ማለት ነው።

አለቃችን አቶ ሙናካታ ይህ ሳይገባቸው አልቀረም። ከሁሉ ደካማው ተጫዋች ዘንድሮ ከዩኒቨርሲቲ የመጣሁት እኔ ስለሆንኩ፣ እኔ ቶጋሺ እስክጨርሰው ድረስ የጨዋታው ካሴት ለመባዛት ወደ ፋብሪካ አይሄድም ብለው ቆረጡ። ያቃተኝን እያዩ ሊያቀሉት ነበር ሐሳባቸው። ሐሳቡ መልካም ነበር። ግን አሥራ ሁለት ሰው በየቀኑ ከጀርባሽ ቆሞ ስትወድቂ ሲያይሽ እስቲ አስቢው። ኢሶቤማ በምሳ ሰዓት ኑድሉን እየሳበ፣ "አንተ ልጅ፣ ጣትህን ከእንጨት ነው የጠረቡልህ? በአንተ የተነሳ የአዲስ ዓመት እረፍታችን ሊቀር ነው እኮ" ይለኛል። ሌላው ይስቃል። እኔም እስቃለሁ።

ታዲያ ምን አደረግኩ? ተለማመድኩ። ከዘበኛው ቁልፍ እየለመንኩ እሑድ እሑድ፣ በሥራ ቀንም ሰው ሳይገባ ማለዳ፣ አሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ። ማክሰኞ ዕለት በሁሉም ፊት ጨረስኩት። አጨበጨቡልኝ፤ ኢሶቤ ጀርባዬን መታ መታ አድርጎ ቢራ ጋበዘኝ። ካሴቱም ዓርብ ፋብሪካ እንዲገባ ተወሰነ። ቢራው ግማሽ ሳይደርስ ነው የገባኝ፤ ድልድዩ አልቀለለም፣ ጣቴ ነው የሰላው። ለዚያ ጨዋታ የምጠቅመው ባለመቻሌ ብቻ ነበር፤ እሱንም በትጋቴ አጠፋሁት። እንዲህ ያለ ጅል አይተሽ ታውቂያለሽ?

ረቡዕ ጠዋት አቶ ሙናካታ ፊት ቀርቤ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሻያቸውን አስቀመጡና፣ "ዐውቄ ነበር" አሉኝ። "ከወር በፊት እጅህን አይቼ ዐውቄ ነበር።"

ታዲያ ለምን ዝም አሉ ብዬ ብጠይቃቸው፣ "አሥራ ሁለት የደከመ ሰው እንደገና ጀምሩ ለማለት አንደበት አጣሁ። አንተ ስትጨርሰው እኔም ተገላገልኩ" አሉ።

እኔ ግን አልተገላገልኩም። ቢያንስ ሁለቱን ወፎች እናንሳ ብዬ ለመንኳቸው። ሳይቀበሉኝ ሲቀሩ ወጣሁና በሁሉም ፊት "ከብዷል" አልኩ። የሚሠራው ሰው ሁሉ እጁን ከሥራው ላይ አነሳ። ኢሶቤ ብቻ ዝቅ ባለ ድምፅ "እና እስከዛሬ የት ነበርክ?" አለኝ። ዓርብ ካሴቱ ሄደ፤ ሦስቱም ወፎች አሉበት።

እንግዲህ ከሰኞ ጀምሮ ጠረጴዛዬ ምድር ቤት ነው። ደንበኞች የሚጽፉትን ደብዳቤ እየከፈትኩ እመልሳለሁ። ቦታው ጸጥ ያለ ነው፤ ማሞቂያው ትንሽ ይለግማል እንጂ። ለእናታችን እድገት ነው በያት።

አንድ አደራ አለብሽ፤ ጨዋታው ሲደርስሽ እንዳትለማመጂ። የመጀመሪያዋን ቀን ብቻ ተጫወቺና የት የት እንደወደቅሽ፣ ምን ብለሽ እንደተሳደብሽ ሳትደብቂ ጻፊልኝ። የወደቅሁት እኔ ስላልቻልኩ ነው ብለሽ እንዳትጽፊ ብቻ። ከሌሎቹ ደብዳቤዎች ጋር አስሬ እኔው ራሴ ወደ ላይኛው ፎቅ አወጣዋለሁ። ሦስተኛ ጨዋታ መሥራታቸው አይቀርም።

ዛፎችሽን ውርጭ አይንካቸው፤ ልጅሽ በጤና ትደግልሽ፤ ወገብሽም ይጽናልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ