ሰባት ቤት ያልሞላ መጽሐፍ

ሰኞ፣ ሰኔ 1

ልብስ አጠብኩ። ምስር ለቀምኩ። የኢየሩሳሌሙ ሰፈራችን የጊሎ ሙቀት ገና በጠዋቱ ጀመረ... ቀትር ላይ ሃጊት ልጄ ከሥራዋ ደወለች።

"እማ፣ ዱኻን አገኘሁልሽ!"

በመጻሕፍት ሳምንት፣ ሃነቪኢም መንገድ ዳር ካለው ግቢ ውስጥ አንድ የመጽሐፍ መሸጫ ጠረጴዛ። የራሴ። "ሰው ላይ ግን እንዳትጮኺ" አለችኝ። መቼ ነው እኔ ሰው ላይ የጮኽኩት?

አሥራ አንድ ዓመት የለፋሁበት መጽሐፍ በካርቶን ታጭቆ አልጋ ሥር ተቀምጧል። ሽማግሌ ለሽማግሌ እየዞርኩ የጻፍኩት የሰማንያ ቤተሰብ የዘር ሐረግ። የማን አባት ማን፣ የማን አያት ማን። ሰባት ቤት ካልሞላ ጋብቻ የለም፤ ቆጥሮ የሚያውቅ ሽማግሌ ግን በየዓመቱ እያለቀብን ነው። እነሱ ሲያልቁ ማን ሊቆጥር ነው? ለዚህ ነው የጻፍኩት። አሁን አንባቢው ይምጣ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 3

የመጀመሪያው ቀን። ተቃጥያለሁ። ደራሲ ሆኖ ከመቀመጥ ሽንኩርት መሸጥ ይሻላል።

ስንት ዓይነት ሰው አለ! ፎቶ ተነሺው አለ። መጽሐፌን ደረቱ ላይ ይለጥፋል፣ ይስቃል፣ ይነሳል፣ መልሶ ያስቀምጣል። አንዷ የእኛው ልጅ ናት፤ ወታደር። "ዋው፣ ማማ! ፊደሎቹ ኤይዜ ያፊም!" ያምራሉ አልኩ በሆዴ፣ ገልብጠሽ ባትይዢው።

ጥላ ፈላጊው አለ። ጠረጴዛዬ ዛፍ ሥር ነው፣ ወዮልኝ! አይስክሬሙን እየላሰ ይቆማል። ሽፋኑ ላይ ጠብ...

አስረጂው አለ። አንድ ሽበታም ሰውዬ ጎንደር ሁለት ሳምንት ከርሞ ኖሮ፣ ስለ ጎንደር ሃያ ደቂቃ አስተማረኝ። እኔን! እዚያ ተወልጄ፣ እዚያ ወልጄ የመጣሁትን። ደራሲዎቹ ደግሞ ይብሳሉ። ሊገዙ አይመጡም፤ የራሳቸውን ሊሸጡልኝ ነው።

የቀረው ሰው የሚጠይቀኝ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በየት በኩል እንደሆነ ነው። ጣቴን ወደ ኢትዮጵያ መንገድ ስቀስር ዋልኩ። አንዷማ መነኩሲት መሰልኳት።

ያነበበ አንድ ሰው ብቻ። ከዴር ሡልጣን የመጡ መነኩሴ፤ ቆመው ሦስት ገጽ አነበቡ፣ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብለው ሄዱ። የእኛን የቤተ እስራኤልን ዘር ያነበበልኝ የክርስቲያን መነኩሴ! ልሳቅ ወይስ ላልቅስ?

ሐሙስ፣ ሰኔ 4

"በዕብራይስጥ የለም?" ሠላሳ አራት ጊዜ ተጠየቅሁ። የለም! የለም አልኩ እኮ!

ግን... ሊመሽ ሲል አንዲት ሴት መጣች። ሙሉመቤት፤ ከእኛ ሕንጻ ሁለት አልፎ ነው የምትኖረው። ፎቶ አልተነሳችም። ወንበሬን ስባ ተቀመጠችና ጣቷን እየጎተተች አንድ ገጽ ላይ ቆየች። ገልጣ ሌላ ገጽ። ተመልሳ የመጀመሪያው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

ገዝታ ሄደች። አንባቢ ማለት ይህ ነው! አውቶቡስ ውስጥ ብቻዬን ፈገግ እያልኩ ገባሁ።

እሑድ፣ ሰኔ 7

ትናንት ሰንበት ነው፣ አልጻፍኩም። ምነው ዛሬም በቀረብኝ።

ገና ካርቶኑን ሳልፈታ ሄርሜላ መጣች፣ ዘር ከቆጠሩልኝ ሽማግሌዎች የአንዱ፣ የአያ ካሴ የልጅ ልጅ። ዓይኗ አብጧል። ሰላም እንኳ አላለችኝም።

"እትዬ ልቅናሽ፣ ምን አደረግሽኝ?"

የሙሉመቤት ልጅ ሃጋይ ሊያገባት ነበር። ሁለት ዓመት የተዋደዱ ልጆች። ሙሉመቤት ያን ቀን የምታነበው ለካ የእነሱን ሐረግ ኖሯል። በልጇ በኩል ሰባት ሞላ። በሄርሜላ በኩል ስድስት ላይ አንድ ሰው ጋ ተገናኙ። ዘመድ ናችሁ፣ አይሆንም ብላ ቁርጡን ነገረቻቸው።

"አያቴ ሳባ ካሴ ሰባት ነው ይላል፣ ሴፌርሽ፣ ያ መጽሐፍሽ፣ ስድስት ይላል። የሃጋይ እናት የሚያምኑት ሴፌሩን ነው።"

"በደንብ ልይ" አልኳት። ምን አያለሁ? ገጽ ስድሳ አንድን ሳልገልጠው አውቀዋለሁ። እዚያ የጎደለው ገረመው ነው፣ የአያ ካሴ አያት። ሳይነገረኝ ቀርቶ አይደለም። ደብተሬ ላይ ጽፌው ነበር፤ በራሴ እጅ ሰረዝኩት። ገረመው ለርስት ብሎ ተጠምቋል። በአገራችን እንዲህ ያለው ሰው ስሙ አይነሳም፣ ማዕድ አይቆረስለትም ነበር። እና አያ ካሴን ላሳፍራቸው? የአያ ካሴን አባት ከገረመው አባት ጋር አገጣጠምኩት፣ አለቀ። ማን ያውቃል ብዬ።

ያወቀ የለም። የሚቆጥር ግን መጣ። ሁለት ቀን ሙሉ አንባቢ የለም ብዬ ሰው ስረግም! የሚያነብ ጠፋ እያልኩ... እኔ ራሴ ምን ዓይነት ነኝ?

ሰኞ፣ ሰኔ 8

ጠረጴዛው ጋ አልሄድኩም። አሞኛል አልኩ። አላመመኝም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 9

አያ ካሴ ቤት ሄድኩ። በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ተቀመጪ አላሉኝም።

"ስምዎ በክፉ እንዳይነሳ ብዬ ነው አያ ካሴ።"

"ነግሬሽ ነበር ወይስ አልነገርኩሽም?"

"ነግረውኛል።"

"ደብቂልኝ ብዬሻለሁ?"

አላሉም። ያኔ የገረመውን ስም ሲጠሩልኝ አቀርቅረው ዝም አሉ፤ እኔ አፈሩ አልኩ። በቃ፣ ይኸው ነው።

"ዝም ያልኩት አዝኜለት ነው" አሉ። ተቆጥተዋል። "ገረመው ልጆቹ በረሃብ ሲያልቁበት ነው የተጠመቀ። አባቴ በዚያ እርሻ በልቶ አደገ። ሲጎለምስ ወደ ወገኑ ተመለሰ። ገረመው ግን መመለሻ አጥቶ እዚያው ቀረ። አባቴ እስኪሞት 'አባዬ' ይለው ነበር! ከእምነቱ የወጣ እሱ ነው። ከልጆቹ ያወጣሽው ግን አንቺ ነሽ። ማን ሾመሽ?"

ነጠላዬን አጣፍቼ ልሄድ ስል ጠሩኝ።

"ነገ እመጣለሁ። ሙሉመቤትንም ጥሪያት። እዚያው የምትሸጪበት።"

"እዚያ ሰው ይበዛል፣ አያ ካሴ።"

"ይብዛ!"

ረቡዕ፣ ሰኔ 10

የመጨረሻው ቀን። ግቢው ጢም ብሏል። ፎቶ ተነሺውም፣ አይስክሬም ላሹም እንደ ልማዳቸው አሉ። ዛሬ ማንንም አልተሳደብኩም፤ ጊዜም አልነበረኝም።

አያ ካሴ ሄርሜላን ተደግፈው ከአውቶቡስ ወረዱ። እስክሪብቶ አወጣሁ። ሙሉመቤት የገዛችውን መጽሐፍ ይዛ፣ ፊቷን አጥቁራ መጣች። ተቀብያት ገጽ ስድሳ አንድ ላይ፣ ሁለቱ ስሞች መካከል ቦታ ስለሌለ በጎን ጻፍኩ። ገረመው።

ሙሉመቤት አየችው። "ይህ ደግሞ ከየት መጣ? ለሠርጉ ተብሎ የተፈጠረ ሰው ነው?"

እኔ ልመልስ ነበር። አያ ካሴ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ።

"አያቴ ነው! ተጠምቆ ነበር። ከሱ ነው የተወለድኩ።"

አጠገባችን ያሉት አማርኛ የሚሰሙ ሁሉ ዞሩ። አንዲት አሮጊት አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሄርሜላ የአያቷን ክንድ አጥብቃ ይዛለች፣ አላቀረቀረችም።

"እኔ ነኝ የሰረዝኩት" አልኩ። ጮክ ብዬ። "እሳቸው ነግረውኝ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው።" መጽሐፌን የሚያገላብጡ ሁለት ሰዎች አስቀምጠውት ሄዱ። ይሂዱ።

ሙሉመቤት መጽሐፉን ወደ ራሷ ሳበች። ጣቷን ከሄርሜላ ጀምራ ጎተተች። አባቷ። አያ ካሴ። አባታቸው። ገረመው ጋ ስትደርስ ቆመች... ከዚያ አለፈች። ሰባት።

"በዘር ዘመድ አይደሉም" አለች። "ስለ ጥምቀቱ ለልጄ አባት እነግረዋለሁ። የሰንበት ማግስት ሽማግሌ እንልካለን።" ሄርሜላ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

ስንት መጽሐፍ ቀረኝ? አርባ ቀርተውኛል፤ ሁሉም ላይ ስሙን በእጄ ጻፍኩ። አሥሩ ግን ሳይታረም ተሽጦ ሄዷል። የት እንዳለ አላውቅም። በአሥር ሰው ቤት ገረመው የለም፣ ያንን የምመልስበት መንገድ የለኝም።

ሲሄዱ አንዱን መጽሐፍ በሁለት እጄ ለአያ ካሴ ሰጠሁ። ገጹን አስገልጠው ጣታቸውን ጽሑፌ ላይ አሳረፉ። ማንበብ አይችሉም፤ ከህትመቱ ውጭ መሆኑ ግን ይታያል። መልሰው ሰጡኝ።

"በጎን የቆመ አልወስድም። መስመሩ ውስጥ ስታስገቢው አምጪልኝ።"

ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። ነገ ማተሚያ ቤቱ ሳይከፈት በሩ ላይ እቆማለሁ።