ድንች ስትልጪ ነበር

አዮዋ፣ ሰኞ ጠዋት

ለወንድሜ፤

እንደምን ከረምክ? ጉልበትህስ እንዴት ሆነ? ለገና በላክልን ካርድ ጥግ ላይ “ደረጃ መውጣት ጠላሁ” ብለህ ጽፈህ ነበር። አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ደረጃ ከጠላ ምን ይውጠዋል እያልኩ ዓመቱን ሙሉ ሳስብ ከረምኩ። እኛ ደህና ነን። እማዬ ሰባ ስድስት ሞላት፤ ወገቧን ያማታል እንጂ ጆሮዋም ምላሷም እንዳለ ነው። በቆሎው ሳይሰበሰብ ዝናብ ቀደመውና መሬታችንን የተከራዩት ልጆች ጭቃ ውስጥ ቆመው ሲሳደቡ እስከ ወጥ ቤት ድረስ ይሰማኛል። እውነቴን ነው የምልህ፣ ስድቡ ደስ ይለኛል። ከእማዬ ሌላ የሰው ድምፅ የለማ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ታዝዤ ነው። ወይዘሮ ሃልቨርሰን፣ ያቺ ተማሪ ሳለህ ድርሰትህን ለክፍሉ ሁሉ ጮክ ብላ ታነብ የነበረችው አስተማሪህ፣ ጡረታ ከወጣች ወዲህ የከተማችን የቴአትር ቡድን አዘጋጅ ናት። ዘንድሮ ስለ ቤታችን የጻፍከውን ተውኔት መረጠች። የግብዣ ወረቀት ላከችልህ፤ መልስ አልሰጠህም፤ ማንንም አልገረመውም። በውሉ መሠረት ያላንተ ፈቃድ ከተውኔቱ አንዲት ቃል መለወጥ ክልክል ነው። ትናንት ግን አንዲት ቃል ተለወጠች፤ ተመልካቹ ብድግ ብሎ አጨበጨበ፤ እሷም “ይቺን ቃል ካላስፈቀድሽልኝ ዐይንሽን እንዳላይ!” አለችኝ። ቅዳሜ ደግመን እናሳያለን። እህቱ አንቺ ነሽ፣ አንቺው ጻፊለት ተባልኩ። እሺ፣ ይኸው ጻፍኩ። ግን ቃሏ እንዴት እንደተለወጠች ሳልነግርህ ፍቀድልን ብልህ ግፍ ይሆንብኛል።

ምናልባት አታውቅ ይሆናል፤ እኔ በዚህ ቡድን ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። መድረክ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ሥራዬ ከመጋረጃው ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ ተውኔቱን ጭኔ ላይ ዘርግቼ፣ ቃል ለጠፋበት ሰው ቃሉን ቀስ ብሎ ማቀበል ነው። የመድረኩን ዕቃም የማሰናዳው እኔው ነኝ። ማንም አያየኝም፤ ሲጠፋባቸው ግን ሁሉም ዐይናቸውን የሚወረውሩት ወደ እኔ ነው። ለእኔ ቢጤ የሚሆን ሥራ ነው።

ተውኔትህ እጄ ሲገባ ቤት ይዤው መሄድ ፈራሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ መኪናዬን አቁሜ እዚያው ቁጭ ብዬ ጨረስኩት። ጎበዝ ነህ፣ ምን ይባላል። አባዬ በሩን ከመክፈቱ በፊት ጉሮሮውን የሚጠርገው እንኳ አለ። እማዬ ፒካፑን ልትነዳ በገባች ቁጥር፣ አባዬ በረጅም ቅልጥሙ ልክ ወደኋላ የገፋውን ወንበር በሁለት እጇ እየጎተተች “ይሄን የስልክ እንጨት አግቢ ብሎ የፈረደብኝ ማነው!” የምትለው አለ። ሕዝቡ እዚያ ላይ በሳቅ ይፈርሳል፤ እማዬ ራሷ ሳቀች። ማርሊስም አለች፤ አራት ዓመቷ፣ ጫማዋን ግራና ቀኙን አዟዙራ ተጫምታ፣ ልክ እንደነበረችው። አንተም አለህ። እኔ ግን የለሁም። ሁለት ጊዜ ከጫፍ ጫፍ አነበብኩት። ታላቅ እህት የምትባል ፍጥረት የለችበትም።

አልዋሽህም፣ ሆድ ባሰኝ። የመድረኩ ወጥ ቤት ቁርጥ የእኛን ይመስላል፤ ወንበሩ ግን አራት ነው። አንድ ቀን አምስተኛ ወንበር አምጥቼ አስቀመጥኩ። ወይዘሮ ሃልቨርሰን “ይሄ ደግሞ የማን ነው?” አለችኝና መልሼ አወጣሁት። ልምምድ ሲያልቅ ሁሉም ወደየልጆቹ ይሄዳል፤ እኔ ዕቃ ልሰብስብ ብዬ እቀራለሁ። ያን ጊዜ አንዱ ወንበር ላይ ቁጭ እልና የሁላችሁንም ቃል ብቻዬን አነባለሁ፤ የአባዬን በወፍራም ድምፅ፣ የማርሊስን በቀጭን። ብታየኝ አብዳለች ትል ነበር።

መጀመሪያ ሊሸፍነኝ ብሎ ይሆናል የተወኝ ብዬ አስቤ ክው አልኩ። በሦስተኛው ንባብ ግን እንደማታውቅ ገባኝ። ምን ታውቃለህ! ማርሊስ የሞተች ሳምንት አንተ ቶንሲልህን አስወጥተህ ከተማ አክስታችን ቤት ተኝተህ ነበር። ስትመለስ ያገኘኸው ቀብር ነው። የነገሩህም አንድ ነገር ነው፤ አባትህ ኋላውን ሳያይ ነድቶ እህትህን ገደላት። ገና የአሥር ዓመት ልጅ ነበርክ፤ አባትህን ጠልተህ አደግህ፤ ከዛሬ አሥራ ሰባት ዓመት በፊት ሲሞትም ለቀብሩ አልመጣህም። አልወቅስህም። የጠላኸው በሰማኸው ነው።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። የሁለተኛውን ገቢር መክፈቻ አስታውሰው። “ጠረጴዛው ላይ ግማሹ የተላጠ፣ ግማሹ ያልተላጠ ድንች ይታያል” ብለህ ጽፈሃል። መጋረጃው ከመከፈቱ በፊት ያን ድንች የማሰናዳው እኔ ነኝ፤ አምስቱን እልጣለሁ፣ አምስቱን እተዋለሁ። በተውኔቱ ውስጥ ግን ቢላዋ የሚይዝ አንድም ሰው የለም። ማን ላጠው ብሎ የጠየቀ የለም፤ አንተም አልጠየቅህም። ወሬውን ሲነግሩህ “እህትህ ድንች ስትልጥ ነበር” ብለውህ ነበርና፣ እኔን ረስተህ ድንቹን አስቀረኸው።

ወንድሜ፣ ድንች ስልጥ አልነበርኩም።

አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። አባዬ አጠገቤ ካልተቀመጠ ፒካፑን እንዳልነካ ተከልክያለሁ። እሱ በረት ውስጥ ነበር፤ እማዬ ከቤቱ ጀርባ ፎሶሊያ ትለቅማለች። የወተቱ ባልዲዎች ፀሐይ ላይ ቆመዋል። መኪናውን ወደ ባልዲዎቹ አስጠግቼ፣ ራሴ ጭኜ፣ አባዬ ሲወጣ “እንዴ! አንቺ ጎበዝ!” እንዲለኝ ፈለግኩ። ይኸው ነው ምክንያቱ፤ ሌላ ምክንያት ሠላሳ ሁለት ዓመት ፈልጌ አጥቻለሁ። ወንበሩን በሁለት እጄ ወደፊት ጎተትኩ፤ ፍሪሲዮኑን ረገጥኩ፤ የኋላ ማርሽ አስገባሁ። ስፖኪዮውን አይቻለሁ። ማርሊስ ግን በስፖኪዮ የምትታይ ቁመት አልነበራትም።

አባዬ እየሮጠ መጣ። አንዴ እሷን አየ፣ አንዴ እኔን አየ። አልጮኸብኝም። ክንዴን ይዞ ከመኪናው አወረደኝና “ግቢ። እጅሽን ታጠቢ። ድንች ስትልጪ ነበር” አለኝ። አልገባኝም። “ድንች ስትልጪ ነበር፤ ምንም አላየሽም፤ ሰማሽኝ?” አለኝ ደግሞ። ከዚያ እማዬን ጮኾ ተጣራ። እኔ ገባሁ፤ ድንች አወጣሁ፤ ላጥኩ። እማዬ ስትሮጥ በመስኮት አየኋት። አባዬ ልጅቷን ታቅፎ ተቀመጠ፤ እማዬ መሪውን ያዘችና ወጡ። ይሄኛው በተውኔትህ ውስጥ እንዳለ አለ። ሆስፒታል ሳይደርሱ እንደሞተችም አለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቀዋለህ፤ መጠጡን፣ ኩርፊያውን፣ እሱ ሳሎን ሶፋ ላይ እሷ ፎቅ መተኛታቸውን። የተውኔትህ እናት “ልጄን ገደልክ” እያለች ስድስት ጊዜ ትጮኽበታለች። የእኛዋ ግን አንድም ቀን አላለችውም። ከንዴት ብዛት አንደበቷ ተዘግቶ ነው እል ነበር። አባዬ ሊሞት ሲል እባክህ ልንገራት ብዬ ለመንኩት። “ተይ፤ እኔ ለምጄዋለሁ” አለኝ። ጎረቤታችን ዋልት ዲርክስ እንጋባ ሲለኝ እማዬ “እኔንስ ማን ይየኝ?” አለች፤ እኔም ዋልትን አሰናበትኩት። እሱ አሁን የልጅ ልጅ አይቷል። ሰዉ ሁሉ “እንዴት ያለች ደግ ልጅ ናት፣ እናቷን ትታ አልሄደችም” ይለኛል። ምን ደግነት አለ! ቅጣቴን ነበር የምጨርሰው።

አሁን ወደ ትናንቱ ልምጣልህ። እሑድ ከሰዓት፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። እማዬ ሰማያዊ ባርኔጣዋን አድርጋ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። አባዬን ሆኖ የሚጫወተው ኦሪን ቴስኪ ነው፤ የሚስማርና የቀለም ሱቅ ያለው። ጥሩ ሰው ነው፤ ማስታወስ ግን አልፈጠረበትም። መጨረሻው ትዕይንት ላይ ደረሰ። ለልጁ፣ ማለትም ላንተ፣ “የገደልኳት እኔ ነኝ፤ ዞር ብዬ እንኳ አላየሁም” ማለት አለበት። ቆመ። አፉን ከፈተ። ምንም የለም። ዐይኑን ወደ እኔ ወረወረ።

ገጹ ጭኔ ላይ ተከፍቷል፤ ጣቴም ቃሉ ላይ ነው። እምልልሃለሁ፣ ላነብለት ነበር። ግን የአባዬን የእሑድ ኮት ነው የለበሰው። እማዬ ናት ከቁም ሳጥኗ አውጥታ ያዋሰችን፤ እኔ እኮ ድሮ የጣለችው ነበር የመሰለኝ። ያ ኮት ያን ውሸት እንደገና ሲናገር መስማት አቃተኝ። “የነዳሁት እኔ አልነበርኩም” አልኩት። ኦሪን የሰጡትን የሚል ሰው ነው። “የነዳሁት እኔ አልነበርኩም” አለ፣ ጮክ ብሎ፣ ጥርት አድርጎ። ከዚያ ቀጥሎ የሚለውን ፈልጎ አሁንም ወደ እኔ አየ። ቀጥሎ የሚባለው የእኔ ስም ነበር። አልወጣኝም። ሰውዬው አፉን እንደከፈተ ሲቆም፣ ሲቆም፣ ወይዘሮ ሃልቨርሰን መጋረጃውን አስዘጋች። ሕዝቡ ሽማግሌው ራሱን የሚዋሽ መስሎት እያለቀሰ አጨበጨበ። እሷም “እስከ መጨረሻው የካደ አባት! እንዴት ያለ ፍጻሜ ነው!” እያለች ጉንጬን ሳመችኝ።

ስንመለስ የምነዳው እኔ ነበርኩ። እህል ጎተራው መታጠፊያ ላይ ደረስን። እማዬ “ኦሪን ቃል ጠፍቶበት ነው?” አለችኝ። አዎ አልኩ። “ያን ቃል ማን ሰጠው?” አለችኝ። እኔ ነኝ አልኳት። እሷ መንገዱን እያየች፣ ስለ ዝናቡ እንደምታወራ ሁሉ፣ “ያን ዕለት ልነዳ ስገባ ወንበሩን አልጎተትኩትም” አለች። ምን አልሽ? አልኳት። “አልጎተትኩትም አልኩሽ። ቁጭ እንዳልኩ እግሬ ፍሪሲዮኑ ላይ ደረሰ። ፊትሽን እዪ፤ ቦይ ውስጥ ልትከቺን ነው” አለችኝ።

መኪናውን ዳር ይዤ አቆምኩ። ሠላሳ ሁለት ዓመት፣ ወንድሜ! አባዬን፣ ሶፋውን፣ ዋልት ዲርክስን፣ አንድ በአንድ እየጠራሁ ልጮኽባት ነበር። ከአፌ የወጣው ግን “ለምን?” ብቻ ነው። “አንዷን ቀብሬ መጥቼ ሌላዋን ለፖሊስ ልስጥ? አባትሽ እኔ ነኝ የነዳሁት አለ፤ እኔ ዝም አልኩ” አለች። ባርኔጣዋን አወለቀችና “ኋላ ደግሞ… ብነግርሽ ትሄጂብኝ ነበር” አለች። ከዚያ መስኮቱን ዝጊው፣ በረደኝ አለችኝ። ዘጋሁላት።

ቤት ገብተን ለራት ድንች አወጣሁ። ቢላዋውን ከእጄ ወሰደችና “አንቺ ተቀመጪ” አለችኝ። ጣቶቿ በቁርጥማት ተቆልምመዋል፤ አንዷን ድንች ልጣ እስክትጨርስ ውሃው ፈላ። ሁሉንም ላጠች። እኔ እጄን አጣጥፌ አየኋት። ልቀፋት ወይስ ተነሥቼ ልሂድ፣ አላውቅም ነበር፤ አሁንም አላውቅም።

ልትጠላኝ ትችላለህ፣ መብትህ ነው። አባዬን መጥላቱን ግን ተወው፤ ይበቃዋል። እስከ ዐርብ ለወይዘሮ ሃልቨርሰን ደውልላት። ይቆይ ወይም ይውጣ በላት፤ ሌላ ምንም አትበላት። ይውጣ ካልክ፣ ቅዳሜ ኦሪን ቢጠፋበት የጻፍከውን ቃል በቃል አቀብለዋለሁ፤ ቃሌ ነው። ይቆይ ካልክ ግን ቀጣዩን መስመር አንተ ጻፈው። ሰውዬው አፉን ከፍቶ ቆሟል፤ እኔ ልሰጠው አልቻልኩም።

እማዬ ሰላም ትልሃለች። የአባቱ ኮት ለኦሪን እጅጌው ረዝሞበታል፣ ለወንድምሽ ግን ልኩ ነው በይልኝ ብላለች። እግዚአብሔር ጉልበትህን ያጽናልህ፤ መንገዱንም ያቅናልህ፤ ዕድሜ ይስጥህ። ለአንድ ቀንም ቢሆን ና። አምስተኛውን ወንበር ከዕቃ ቤት አውጥቼዋለሁ።

እህትህ