ጠቅ ማለት ብቻውን

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ? እናትሽን ወገቧ ተሻላት ወይስ አሁንም በወንበሩ ታሳብባለች? እኔ ከአፍንጫዬ በቀር ደህና ነኝ።

አፍንጫዬን ያሳመመው የሊፍት ጥገና ክፍላችን አለቃ ነው፤ «ጆሮ» እንለዋለን። ለእናትሽ ስታነቢላት፣ ሪሌ ማለት ሽቦ የተጠቀለለባት፣ ኤሌክትሪክ ሲደርሳት ጠቅ ብላ ሌላ መስመር የምትከፍትና የምትዘጋ ማብሪያ ናት በያት። ጆሮ ያረጀችውን ሪሌ ከባትሪ ያገናኝና ያዳምጣታል፤ ጠቅ ካለች ጤነኛ ናት ይላል። የተቃጠለ ሽቦ ሽታዋስ? ሽቶ ይረጭባታል! ሬሳ አጥቦ ለሰርግ እንደማሰናዳት ነው።

ባለፈው ሳምንት እንዲህ ያለችው ሽቶ ለባሽ የገባችበት ሊፍት የጽዳት ሠራተኛችንን ይዞ በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መካከል ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆመ። ስትወጣ ደግፈን ወሰድናት።

ከዚያ ወዲያ አላስቻለኝም። አንቺ በላክሽልኝ ቮልት መለኪያ መፈተኛ ሠራሁ። የጤነኛዋ ጥቅል ኤሌክትሪክን የምትገታው በአራት መቶ ኦም ስለሆነ፣ ልክ ያንኑ ያህል የምትገታ ሬዚስተር ፈልጌ በተርታ ቀጠልኩና ባለ ዘጠኝ ቮልት ባትሪ ሰጠኋቸው። ጤነኛ ከሆነች እንደ ደግ ወንድማማቾች አራት ተኩል አራት ተኩል ይካፈላሉ። ሽቦዋ ውስጥ ለውስጥ ተቃጥሎ ከተጣበቀ ግን ድርሻዋ ያንሳል። ጆሮ ጤነኛ ናቸው ብሎ ካሳለፋቸው ሃያ ሪሌዎች ሰባቱ ሁለት ተኩል እንኳ በግድ ነው የደረሳቸው።

ለጆሮ አሳየሁት። ጠቅ ይሉ የለም ወይ አለኝ። የእኔም ሰው ሠራሽ ጥርስ ጠቅ ይላል፣ አጥንት ግን አይሰብርም አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሱ ግን ከሰዓት በኋላ ይገጠማሉ ብሎ ቁርጡን ነገረኝ። እንግዲያው የሚገጠሙበትን ሊፍት መጀመሪያ አንተ ትሳፈርበታለህ አልኩት። ወደ አምስተኛ ፎቅ በደረጃ ወጣ፣ እያለከለከ። ለካ ጆሮው ባይሰማ ሆዱ ያውቃል! ከዚህ በላይ የሚያቅለሸልሽ ምን አለ?

ለምሳ ሲወጡ ፒንሳዬን አነሳሁና የሰባቱንም ሽቦ ቆረጥኩ። ሲመለስ በትሕትና አንድ በአንድ ወደ ጆሮው አቀረብኩለት። ዝም። ባትሪውን ለወጠ፤ ዝም። በገዛ ፈተናው ወደቁና በገዛ እጁ ቆሻሻ ውስጥ ጣላቸው። ነገሩን ደርሶበት ቢያባርረኝም አትደንግጡ።

የእናቴን ጉልበት ሳሚልኝ። እናትሽን ወንበሩን ማሪው በያት። አባትሽ ራዲዮኑን በጥፊ መጠገን ይተው። ትንሹን ወንድምሽን ጉንጩን ቆንጥጪልኝ፤ ጠቅ ካለ ጤነኛ ነው።

አጎትሽ
ከጥገናው ክፍል፣ ሽቶው ካልደረሰበት ጥግ
የካቲት 9 ቀን