የልጄ ኮምፒውተር ሲከፈት

ጥቅምት 4
ሦስት ቀሚስ ጨረስኩ። የአንዱን እጅጌ ጠማማ ነው ብዬ ፈታሁት... ለካ ጠማማዋ ዓይኔ ነበረች።

ከሱቅ ስገባ የታላቁ ልጄ ወንበር ላይ ሰው ተቀምጧል። ልቤ ዘለለ። «ቀና ብለህ ተቀመጥ» ልል አፌን ከፈትኩ... ትንሿ ናት፣ እህቱ። በወንድሟ ኮምፒውተር ለእንጨት ሠራተኛው የቁም ሣጥን ንድፍ ትሠራለች። ከቀበርነው ሰባት ወሩ። ልቤ ግን አልለመደም።

«እማዬ፣ ይሄ ነገር ገደለኝ» አለች። ቃሉ ካመለጣት በኋላ ደነገጠች። «ማለቴ... ንድፉን ላዞረው ስል ድርቅ ይላል። ግራፊክስ ካርዱ አርጅቷል። አውጥተን መቀየር አለብን።»

«ምንድን ነው እሱ ደግሞ?»

«ስክሪኑ ላይ ስዕል የሚያመጣው እሱ ነው።»



ጥቅምት 5
ስዕል የሚያመጣው እሱ ከሆነ... የልጄስ ፎቶዎች? ስልኩ በሕመሙ ጊዜ ጠፍቷል። የቀረኝ እዚያ የኮምፒውተሩ ሳጥን ውስጥ ያለው ብቻ ነው። ካርዱ ሲወጣ ይዟቸው ቢወጣስ?

ትንሿን ልጠይቃት? ወይ ትስቃለች፣ ወይ ታለቅሳለች። ሁለቱንም አልችልም።

ጥቅምት 8
ምሳ ላይ አባቷ፣ «ይቀየርላት እንጂ። እንጨት ሠራተኛው እስከ ወሩ መጨረሻ ካላደረሰች ሥራውን ለሌላ ሊሰጠው ነው» አለ።

«ሳጥኑ ሲከፈት አቧራ ያስነሳል» አልኩ። አቧራ! ራሴም አፈርኩ።

አየኝ አየኝና፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ምን ደብቀሽ ነው?»

«ምን እደብቃለሁ? ይልቅ ጨዉን አቀብለኝ።»

ጥቅምት 11
ትንሿ ሦስት ካርድ በወረቀት ጽፋ መጣች። ትልቅ፣ መካከለኛ፣ ትንሽ። ልቧ ትልቁ ላይ ነው። «ሦስት ማራገቢያ አለው እማዬ፣ አውሬ ነው!»

«ይግባ አይግባ ለክተሻል?»

«የት?»

«ሳጥኑ ውስጥ ነዋ።»

አልለካችም! የልብስ ሰፊ ልጅ! ትልቁ ሠላሳ ሦስት ሳንቲ ሜትር ነው ይላል ወረቀቱ። ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ ሳጥኑን ለካሁ፣ ሠላሳ ስምንት። ግን ይሄ ከውጭ ነው። ዋናው ውስጡ ነው።

«ኮምፒውተር ጠጋኙ ይክፈተው። እኔ ራሴ እወስደዋለሁ» አልኩ።

አቀፈችኝ። የፈቀድኩ መሰላት። እኔ የምሄደው ግን... ስለ ፎቶዎቹ መጠየቅ ፈልጌ ነው።

ጥቅምት 13
በአንሶላ ጠቅልዬ፣ ጭኔ ላይ አድርጌ ወሰድኩት። ጠጋኙ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ጎልማሳ ነው። «ምን ሆነ እናቴ?» አለኝ።

ምላሴ ተሳሰረ። «ካርዱ ሲወጣ... ልጁም አብሮ ይወጣል?» ብዬ አረፍኩት። ፎቶው ልል ነበር።

አልሳቀም። መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደ። «ልጅዎ ነበር?»

«ታላቁ።»

ኮምፒውተሩን አብርቶ ፎቶዎቹን ከፈተ። ልጄ የኔን ሜትር አንገቱ ላይ ጥሎ፣ አፉ ውስጥ መርፌ የያዘ መስሎ፣ እኔን ሲያስመስል... ከሞተ ጀምሮ አላየሁትም ነበር።

ኮምፒውተሩን አጠፋው። ብሎኑን ፈትቶ ካርዱን ነቀለና መዳፌ ላይ አኖረው። ከባድ ነው። አቧራው የልጄ ጊዜ አቧራ ነው። ከዚያ የስክሪኑን ገመድ ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰክቶ እንደገና አበራ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ይመልከቱ እናቴ።»

አለ! ሜትሩ አንገቱ ላይ። ካርዱ እጄ ላይ፣ ልጄ እዚያ።

«ይሄ ሠዓሊ ነው» አለኝ ካርዱን እየጠቆመ። «ለቀላል ፎቶ ኮምፒውተሩ ሌላ ትንሽ ሠዓሊ አለው፤ ይሄ ለከባዱ ነው። ይስላል እንጂ አያስቀምጥም። የሚያስቀምጠው ይሄኛው ነው።» አንድ ጠፍጣፋ ነገር አሳየኝ። «እሱም አንድ ቀን ሊበላሽ ይችላል፣ ቅጂ ላውጣልዎት።» አወጣልኝ። ለካ መፍራት የነበረብኝ ለካርዱ ሳይሆን ለዚህ ጠፍጣፋ ነገር ነው።

ከዚያ ሜትሬን አውጥቼ ውስጡን ለካሁ። ሃያ ስምንት። አውሬው ቀረ። መካከለኛው ሃያ አራት ነው፣ ለአየር ማስወጫም አራት ሳንቲ ሜትር ይተርፈዋል። ትንሹ ደግሞ ከአሮጌው ብዙ አይሻልም አለ ጠጋኙ። መብራት የሚመግበውን ክፍል አይቶ፣ «መካከለኛውን ይችለዋል» አለኝ።

«ልብስ ሰፊ ነዎት እንዴ?»

«ያስታውቃል?»

«ሌላው ሰው ገዝቶ ካመጣ በኋላ ነው አልገባም ብሎ የሚጣላኝ።»

ጥቅምት 14
ለአባቷ እውነቱን ነገርኩት። «አቧራ ነው ብለሽኝ!» አለና ሳቀ። ወዲያው ሳቁ ተበላሸ። እሱም ፎቶዎቹን መክፈት ፈርቶ ነበር... ሁለታችንም በአንድ ቤት።

ጥቅምት 20
መካከለኛው ገባ። ትንሿ ብሎኑን አጠበቀች፣ እኔ ገመዶቹን በጥቁር ክር ሰብስቤ አሰርኩ። ስክሪኑ ላይ ቁም ሣጥኑ ተሽከረከረ፣ በሩም ተከፈተ። «አየሽ እማዬ!» አየሁ።

ጥቅምት 29
ንድፉን ትናንት አስረከበች። ሰውየው ሌላ ሥራ ጨመረላት።

አሮጌውን ካርድ በጨርቅ ጠቅልዬ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬው ነበር። ዛሬ ለጠጋኙ ወሰድኩለት። ካርዷ ተቃጥሎ የምትጠብቅ ተማሪ አለች ብሎኝ ነበር።

«እርግጠኛ ነዎት እናቴ?»

«አያስቀምጥም ብለኸኝ የለ? እንግዲያው ይሳልላት።»

ቤት ስገባ የታላቁ ወንበር ላይ ሰው ተቀምጧል። ልቤ አልዘለለም። ትንሿ ናት። ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ፣ ጎብጣ። ከስታለች... መቼ ነው የከሳችው? አጠገቧ ቆምኩ።

«ቀና ብለሽ ተቀመጪ» አልኳት።