እጇን የለቀቅኩ ዕለት

መካነ ሰላም፣ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ የኔአለም፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እግርሽ ማበጡን ተወ? ባልሽ ይሄነውስ ደኅና ነው? እኛ አገር ብርዱ ገብቷል፤ እኔ ደኅና ነኝ። ሰሞኑን ስትደውዪ ስልኩን ያላነሳሁት ታምሜ አይደለም፤ አፍሬ ነው። በድምፄ ልነግርሽ ቢያቅተኝ ጻፍኩት።

ጤና ጣቢያው ምጥ ላይ ያለችን ሴት የሚያጽናኑ ሴቶች እንደሚያሠለጥን ነግሬሽ ነበር። አንቺም «እናቴ ተምራለች፤ የመጀመሪያ ልጄን እሷው ጋ ነው የምወልደው» እያልሽ ለሰው ሁሉ አውርተሻል አሉ። እኔም ልቤ አብጦ ነበር። ሥራችን የምታምጠዋን ወገብ ማሸት፣ ውሃ ማጎንጨት፣ አይዞሽ ማለት ነው፤ ማዋለዱ የሲስተር ብርሀንነሽ ነው። «ከራስጌዋ እንዳትነሱ፣ እጇን እንዳትለቁ» ትለናለች ጠዋት ማታ። እኔ ወልጄ ያሳደግኩት ሴትዮ፣ ይሄ ደግሞ ትምህርት ነው ወይ እል ነበር በሆዴ።

ባለፈው ረቡዕ ራሕማ የምትባል ልጅ ምጥ ይዟት መጣች። ያንቺ እኩያ ናት፤ የመጀመሪያዋ ነው። «ያ ረቢ» ስትል «አሚን» እያልኩ፣ እጇን ይዤ ዋልኩ። ልጁ ሲወጣ ግን አላስቻለኝም፤ አንገቴን አስግጌ አየሁ። ወንድ! እልልታዬን አቀለጥኩት። ውጭ ያሉት ሴቶች ተቀበሉኝ፤ ባሏ መሐሙድ «አልሐምዱሊላህ!» ሲል ይሰማኛል።

ልጁ ግን አላለቀሰም። አይ የኔ አፍ! ልጅ ድምፁን ሳያሰማ እልል ይባላል? ሲስተር ልጁን ይዛ ወደ ጠረጴዛው ሮጠች፤ ትንፋሽ ትሰጠው ጀመር። ውጭ እልልታው ይቀልጣል። ራሕማ «እቴቴ፣ ምነው ዝም አለ?» አለችኝ። እጇን ለቅቄ ወጣሁ፣ ልጄ። ከግድግዳው ጀርባ ሄጄ ተሸጎጥኩ።

ኋላ አለቀሰ፤ ተመስገን፣ አሁን ጡት ይጠባል። ሲስተር እልልታውን አላነሳችብኝም፤ «ለምን ወጡ?» ብቻ ነው ያለችኝ።

በማግስቱ ራሕማ ጋ ሄጄ «አፉ በይኝ» አልኳት።

«አፉ ብያለሁ፣ እቴቴ። እልልታውንስ ደስታ ነው ብዬ ነበር። እርስዎ ሲወጡ ነው ልጄ ሞቷል ብዬ እርግጠኛ የሆንኩት» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ ተመልሼ እገባለሁ፤ ፊቴን የት እንደማደርገው እንጃ። አንቺም «አማቴ ጋ ልውለድ» ብትዪ አልቀየምሽም፤ ሐቅሽ ነው። ከመጣሽ ግን፣ ወደ በሩ ሳይ ካየሽኝ፣ እናቴ ናት ብለሽ እንዳትሳሺልኝ። ቀሚሴን ጨምድደሽ ያዢኝ።

ማርያም በሽልም ታውጣሽ፣ ልጄ።

እናትሽ ንግሥቴ