ቁልቁለቱና ቀኝ እግሬ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ይሄ ለሰው አይነገርም... ዛሬ ወደ ሸለቆው ስወርድ፣ ዶሮ የታቀፉ አሮጊት በእግራቸው ቀደሙኝ። እኔ በአራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ይዤ! ፍሬን ረግጬ፣ ጠጠሩ ሲያንሸራትተኝ ለቅቄ፣ ደግሞ ረግጬ... በመስኮቱ ጎንበስ አሉና፣ «ልጄ፣ አሞሻል እንዴ? ልደግፍሽ?»

መኪና እንዴት ነው የሚደገፈው?

«አይ እማማ፣ አገሩን እያየሁ ነው» አልኳቸው። ዶሮዋ እንኳ አላመነችኝም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

የሥምሪት ኃላፊው ጠራኝ። ሾፌራችን ጡረታ ከወጡ ወዲህ መኪናውን የምነዳው እኔው ነኝ።

«ዶክተር፣ የፍሬኑን ሸራ በሁለት ሳምንት ጨረስሽው! የሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ አብሬሽ እወርዳለሁ። ካልሆነልሽ መኪናው ይመለሳል፤ አንቺም መዝገብ ቤት።»

እኔ? የከብት ሐኪም ከፋይል ጋር? የሸለቆውን ላሞችስ ማን ሊያይልኝ?

ለባሌ ነገርኩት። እዚያው መሥሪያ ቤት ሃያ ዓመት ከባድ መኪና ነድቷል፤ ያውም አስፋልት ላይ ብቻ። ሳቀብኝ። «ማርሽ ለዳገት ነው የኔ እመቤት። ለቁልቁለት ፎሌ! ማርሹን ባዶ አድርጊና ልቀቂው። ነዳጅም ይተርፍሻል።»

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ፎሌ አደረግኩ። ባለሙያው ባሌ ከጎኔ።

መኪናው እንደ ተፈታ ጥጃ ፈረጠጠ። ፍሬን ብረግጥ ጭራው ዞረ። ቁጥቋጦ ውስጥ ገብተን ቆምን። ተርፈናል... ትዳሩን እንጃ።

«ምን ነካሽ?» ይለኛል ደግሞ!

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ጋራዥ ሄድኩ። መካኒኳ መኪናውን ዞር ዞር ብላ አየች። ከፊት መከላከያው ላይ ቅጠል ነቀለች።

«ፎሌ ያለሽ ማን ነው?»

ቅጠሉን ተቀብያት ኪሴ ከተትኩ።

«ባልሽ ነው አይደል?» ሳቋ ጋራዡን ሞላው። ከዚያ ኮስተር አለች። «ስሚኝ እህቴ። አፋፉ ላይ ቁሚና በትንሿ ዘንግ ከባዱን ማርሽ አስገቢ፣ ከዚያ አንደኛ። ፍሪሲዮን አትንኪ፣ ፍሬን አትንኪ። ሞተሩ ራሱ ይይዝልሻል። ጭራው ከሸሸ ነዳጅ ቀመስ አድርጊው።»

ቁልቁለት ላይ ነዳጅ? ሴትዮዋ ጤነኛ ናት?

«እግሬንስ የት ላድርገው?»

«ከወንበሩ ሥር ደብቂው!»

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ሞተሩ እየጮኸ፣ መኪናው እንደ እርጉዝ ሴት ቀስ እያለ ይወርዳል። በእውነት ይይዛል! ቀኝ እግሬ ግን አልሰማም አለ። ዛሬ ባሌ የፈላ ሻይ ይዞ ፈጠን ብሎ ሲመጣ፣ ከጠረጴዛው ሥር ፍሬን ረገጥኩ።

ደግነቱ ቆመ።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ኃላፊው ቀበቶውን ሁለቴ ፈተሸ። ከባዱ ማርሽ፣ አንደኛ፣ እግር ከወንበር ሥር። ወረድን... ወረድን... መታጠፊያው ላይ ጭራው ሸተት አለ።

«ፍሬን! ዶክተር፣ ፍሬን በይው!»

እግሬ ከተደበቀበት ወጣ። ወዴት ነው የሚሄደው? እኔም አላወቅኩም። ነዳጁን ቀመስ አደረገው... መኪናው ቀጥ አለ። ምን ይሻላል፣ አለቀስኩ።

ታች ደርሰን ኃላፊው መያዣውን እንደጨበጠ ነው።

«ወርደናል እኮ።»

«አውቃለሁ። እጄ ነው ያልሰማው።»

መኪናው የእኔ ሆነ። ላሞቼም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

የመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ሾፌር የተባለ ሁሉ የቁልቁለት አነዳድ ይማር፤ አስተማሪ፦ ዶክተር። የዝርዝሩ አንደኛ... ባሌ!

ቀኑን ሙሉ አኮረፈ። «ሃያ ዓመት የነዳሁ ሰው!» ምሳውን ጀርባውን ሰጥቶኝ በላ። በኋላ ሸሚዝ እየተኮስኩ ሳለ ጠጋ አለኝ።

«ሰኞ... ሰው ፊት ትቆጪኛለሽ?»

«እንደ ምግባርህ ነው» አልኩት። ሆዴ ግን ራራ።

ሰኞ እሱ መሪው ላይ፣ እኔ ከጎኑ። ማን እንደጮኸ፣ ማን አኩርፎ በእግሩ እንደተመለሰ፣ የራሴንም ሳልደብቅ እጽፈዋለሁ።