ቀፎዎቹ ሞልተዋል፣ ልጅቷን መልስ

ውድ ወንድሜ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንደዚያ ስለሚጀመር ነው እንጂ፣ ካለፈው ሳምንት ወዲህ ላንተ የሚሆን ደግ ቃል ከአፌ አልወጣም። ኋላ «እዚያ ድረስ አላነበብኩትም» እንዳትል፣ ነገሬን ገና ከመግቢያው ልንገርህ፤ ወጥ ቤትህ ውስጥ ያለችውን ልጅ መልስ። የምፈልገው ይኸው ነው። የቀረው ለምን እንደናቅኩህ ነው፤ እሱንም ቁጭ ብለህ አንብበው።

የራሴን ጥፋት አልደብቅም። ወደ ማሳደጊያችን ያመጣሁህ እኔ ነኝ። ረጂዎቹ «በአንድ ዓመት ውስጥ ራሳችሁን ቻሉ፤ ካልሆነ በሩን ዝጉ» ያሉን ጊዜ፣ ለአስተዳዳሪዋ «ወንድሜ የተማረ ነው፣ መላ አያጣም» ብዬ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ። ተራ ሞግዚት ነኝና የተማረ ሰው መላ የሚያጣ አይመስለኝም ነበር። አርባ ሁለት ልጆች ነበሩን። ወላጆቻቸው በየገጠሩ አሉ፤ ማብላትና ማስተማር ቢያቅታቸው ነው አምነው የሰጡን። በሩ ቢዘጋ ወዴት እንደሚበተኑ እናውቀው ነበር።

አንተም መጣህ። ጫማህ አቧራ እንዳይነካው እየዘለልክ ሦስት ቀን ግቢውን ዞርክና «ማር!» አልክ። ሐሳቡስ ክፉ አልነበረም፤ ጋራው ሁሉ አበባ ነው። ትንንሾቹ ወተት የሚጠጡባቸውን ሁለት ላሞች አስሽጠህ አርባ ዘመናዊ ቀፎ አስመጣህ። እሺ፣ ይሁን። ከዚያ ግን ረጂዎቹ ለምረቃው ሲመጡ ፎቶው እንዲያምር ብለህ፣ ቀፎዎቹን ከውጭም ከውስጥም ሰማያዊ የዘይት ቀለም አስቀባሃቸው። ከውስጥም! አይ አንተ!

ቀለሙ ሳይደርቅ የዚህችው አሁን ወጥ ቤትህ ያለችው ልጅ አባት መጣ። ዕድሜውን ሙሉ ንብ ሲያነብ የኖረ ሰው ነው። አንዱን ቀፎ ከፍቶ አሸተተና ባርኔጣውን አወለቀ።

«ጌታዬ፣ ንብ ቀለም የሚሸት ቤት አይገባም። ውስጡን እንኳ ይተዉት» አለህ።

አንተ ሳቅክ። «አባባ፣ ይሄ እኮ ዘመናዊ ቀፎ ነው! እርስዎ ከሚያውቁት ጋር አይገናኝም» አልከው።

ከጎንህ የቆሙትም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ይህን ስጽፍ ፊቴ ይቃጠላል። ሰውየው ባርኔጣውን መልሶ ደፋና «እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ» ብሎ ሄደ።

ሪባኑ ተቆረጠ፣ አጨበጨብን፣ ፎቶህን ተነሳህ። ንብ ግን ዝር አላለም። ስንነግርህ «ታገሱ እንጂ፣ ይለምዳሉ» ትለን ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ማርም የለ፣ ወተትም የለ። አስተዳዳሪዋ ቤቱን ከነጭራሹ ላለመዝጋት አሥራ አራት ልጆች ለማሰናበት ቆረጠች።

የዚያ ሰው ልጅ አንዷ ነበረች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አንተ ሌላ ሥራ አግኝተህ ሻንጣህን እየዘጋህ «እሷን እኔ ወስጄ አስተምራታለሁ» አልክ። አባቷ እጅህን ሊስም ሲጎነበስ ዝም ብለህ ሰጠኸው። ልብሷን አጣጥፌ ያስያዝኳት እኔ ነኝ። «ዕድለኛ ነሽ» ብያታለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

አንተ ከሄድክ በኋላ የሆነውን ጠይቀህ አታውቅም። አባቷ አምስት ወላጆች አስከትሎ መጣ፤ ማንም አልጠራቸውም። በቢላዋም በተሰበረ ጠርሙስም ቀለምህን ሲፍቁ ሁለት ሳምንት ፈጀባቸው። ቀፎዎቹን ፀሐይ ላይ አውለው ውስጣቸውን በሰም አሹ፤ ከየዛፉ የንብ መንጋ እያወረዱ አስገቡባቸው። ሠላሳ አንዱ ሞላ። ዘንድሮ ማራችን ከሩቅ ድረስ ይፈለጋል፣ ግቢው ውስጥ እንደገና ላሞች አሉ፣ ከረጂ አንቀበልም። ከሸኘናቸው ልጆች አሥራ ሦስቱ ተመልሰዋል። የቀረችው አንዷ ናት። እሷን ልወስድ ነበር ቤትህ የመጣሁት።

ሳሎንህ ውስጥ ያ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ደረትህን ነፍተህ በሰማያዊ ቀፎዎች መሀል። «ያንን ማሳደጊያ ራሱን ያስቻልኩት እኔ ነኝ» ብለህ ዓይንህን በጨው አጥበህ ለእንግዶችህ ስታወራ ደረስኩ። ልጅቷን ያገኘኋት ወጥ ቤት ነው። ማጠቢያው ላይ እንድትደርስ ሳጥን ላይ ቆማ ድስት ትፈገፍጋለች። ጣቶቿ በሳሙና ብዛት ተሰነጣጥቀዋል። የትምህርት ቤት ቦርሳዋ ከበሩ ኋላ ተንጠልጥሏል፤ ደብተሯን ገልጬ አየሁት፣ አንድ መስመር አልተጻፈበትም። ሚስትህን ብጠይቃት «ውይ፣ እሷ እኮ ሥራ ነው የምትወደው» አለችኝ።

ልጅቷ አንገቴ ሥር ገብታ «ንቦቹ ገቡ?» አለችኝ።

«ገቡ፣ የኔ ልጅ።»

«እንግዲያው መመለስ እችላለሁ?»

አፌን ሳልከፍት አንተ ከሳሎን «አንቺ! ሻይ!» ብለህ ጮህክ። ሮጠች። ወጥቼ ስለ መመለሷ ሳነሳብህ «ትምህርቷ ይቋረጣል» አልከኝ። ትምህርቷ! እንግዶችህ ፊት ላላዋርድህ ብዬ ዝም አልኩና እሷ የቀዳችልኝን ሻይ ጠጥቼ ወጣሁ። እንደዚያ ቀን ራሴን ንቄው አላውቅም። ከራሴ ይልቅ የናቅኩት አንተን ብቻ ነው።

ስለ ንብ አለማወቅህ ነውር የለበትም፤ እኔም አላውቅም። ግን ሰውየው ሲመክርህ ሳቅክበት፤ እሱ ያቃናውን ሥራ የራስህ አድርገህ ታወራለህ፤ ልጁን ደግሞ ድስት ታሳጥባለህ። እናታችን ይህን ሳታይ መሞቷ ደግ ሆነ።

ደብዳቤውን በፖስታ ያልላክሁት ጆሮ ዳባ ልበስ እንደምትል ስለማውቅ ነው። ይዞልህ የመጣው ሰው አባቷ ነው። ማንበብ አይችልም። እኔም ልነግረው አቅቶኝ «ልጅህ ናፍቃሃለች፣ ሄደህ አምጣት» ብቻ ብዬዋለሁ። ልጁ ተማሪ እንደሆነች ነው የሚያምነው። ስላስተማርክለት ሊያመሰግንህ በጣሳ ማር ይዞልሃል።

አሁን በርህ ላይ ቆሞ እየጠበቀህ ነው። ልጅቷን ይዘህለት ውጣ። እጇን ይዞ «ይሄ ምንድን ነው?» ሲልህ መልሱን አንተው ትነግረዋለህ፤ አፈ ጮሌ አይደለህ!

ልጅቷ እስክትመለስ ድረስ «እህትህ» ብዬ አልፈርምልህም፤

የማሳደጊያው ሞግዚት